ስሙ ስንተኛ ነው ከማለታችን በፊት
(በወላጆችና በወጣቶች የውይይት ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ ሲታይ ትንሽ ይመስላል። "ለሚወለድ ልጅ ስም ሲወጣ፣ ያንን ስም ስንት ሰው እንደያዘው ማየት ያስፈልጋል ወይ?" የሚል ነው። ርእሱ ሲነገረን ከመካከላችን የሳቁ ነበሩ። "ስለ ሥራ፣ ስለ ትምህርት፣ ስለ ቤት ኪራይ ብንናገር አይሻልም ወይ?" ያሉም ነበሩ። ቁጭ ብለን ስንወያይበት ግን አንድ ነገር ገባን። እኛ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት ዓመት የሞላን ልጆች ከእንግዲህ ስም የሚወጣልን አይደለንም፤ ስም የምናወጣ ልንሆን ነው። ከጓደኞቻችን መካከል ያገቡ አሉ፣ የወለዱም አሉ። በየቤታቸውም ያው አንድ ዓይነት ክርክር ይነሳል። አያት አንድ ስም አስበው ይመጣሉ፤ ባልና ሚስት ደግሞ ስልካቸውን ከፍተው ዝርዝር ያያሉ።

ዝርዝሩ ምንድን ነው? የአገራችን ማዕከላዊ የስታቲስቲክስ ቢሮ፣ በዕብራይስጥ አጠራሩ ላማስ፣ ለተወለዱ ልጆች የተሰጡትን ስሞች በየዓመቱ ቆጥሮ ያወጣል። ማንም ሰው ገብቶ ስሙን ቢጽፍ በየትኛው ዓመት ስንት ልጅ በዚያ ስም እንደተጠራ ያያል። በአይሁድ ሴቶች ልጆች ኖዓ የሚለው ስም በ2000ዎቹ ዓመታት ለረጅም ጊዜ አንደኛ ሆኖ ቆይቷል፤ ከዚያ በኋላ ታማር መጣ። በወንዶች ዳቪድ፣ አሪኤል፣ ኖዓም የሚሉት ላይ ላይ ሆነው ቆይተዋል። አገሪቱ በሙሉ ስትቆጠር ደግሞ ሙሐመድ የሚለው ስም ይቀድማል። በጣም ጥቂት ልጆች የያዙት ስም ግን በዝርዝሩ ላይ ጨርሶ አይወጣም። የአያቶቻችንን ስም የፈለገ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ቦታ ነው የሚያገኘው።

ይህን ዝርዝር የሚያዩ ወላጆች ሁለት ዓይነት ፍርሃት አላቸው። አንደኛው "ስሙ በጣም በዛ" የሚል ነው። ጋን ውስጥ ጋነኔቷ "ኖዓ!" ብላ ስትጣራ ሦስት አራት ልጅ ዞር ይላል። ከዚያ በቤተሰብ ስማቸው መጀመሪያ ፊደል እየተለዩ ይጠራሉ። ሁለተኛው ፍርሃት "ስሙን የያዘ ማንም የለም" የሚል ነው። አስተማሪዋ የክፍሉን ስም ስታነብ እሱ ጋ ስትደርስ ትቆማለች። "ይሄ እንዴት ነው የሚነበበው?" ትላለች። ክፍሉ ይስቃል። በሌላው ሰው ቤት የመጀመሪያው ፍርሃት ይበልጣል፤ በእኛ ቤት ግን የሚበልጠው ሁለተኛው ነው። ስለዚህ "የስም ብዛት" ሲባል ለእኛ የፋሽን ጥያቄ ብቻ አይደለም። ልጃችን ከሌላው ጋር እንዲመሳሰል እንፈልጋለን ወይስ አንፈልግም የሚል ጥያቄ ነው።

አገር ቤት ይህ ጥያቄ አልነበረም። ለምን? ስም ብቻውን ስለማይቆም ነው። በአንድ መንደር ታደሰ የሚባል አምስት ሰው ቢኖር ማንም አይቸገርም። "የትኛው ታደሰ?" ሲባል "ታደሰ አለሙ" ይባላል፤ ያ ካልበቃ የአያት ስም ይጨመራል። እዚህ ሽም ሚሽፓሓ የምንለው የቤተሰብ ስም አልነበረም። ሴት ልጅም ስታገባ የአባቷን ስም አትለቅም። ዘር እስከ ሰባት ትውልድ የሚቆጠረውም በእነዚህ ስሞች ነው፤ ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች ተቀምጠው "እገሌ የእገሌ ልጅ፣ እገሌ የእገሌ ልጅ" እያሉ ይወጣሉ፤ ዝምድና ከተገኘ ጋብቻው ይቀራል። ስለዚህ የአንድ ሰው ስም የእሱ ብቻ አይደለም፤ ነገ የልጁ፣ ከነገ ወዲያ የልጅ ልጁ መታወቂያ ይሆናል።

ስሙም የሚወጣው ከዝርዝር አይደለም፤ በቤቱ ከሆነው ነገር ነው። ልጅ ሞቶበት ከዚያ በኋላ የወለደ "ካሳ" ይላል፣ "ምትኩ" ይላል፣ "ተካ" ይላል። ሐዘን የከበደበት ቤት "ማስረሻ" ይላል። እንግዳ በመጣበት ቀን የተወለደው "እንግዳው" ይባላል። አያት አንድ ስም፣ እናት ሌላ ስም፣ አባት ሌላ ስም ያወጡና ልጁ በሦስቱም ይጠራል። ሴት ልጃቸውን "ኢየሩሳሌም" ብለው የጠሩም አሉ። እዚህ ኢየሩሳሌም የአውቶቡስ ሰሌዳ ላይ የምናነበው የከተማ ስም ነው፤ ልጁን በዚህ ስም የሚጠራ የአገሩ ሰው ብዙም አናገኝም። እዚያ ግን ስሙ ናፍቆት ነበር። ሰዎቹ ሊያዩዋት ያልቻሉትን ከተማ በቀን ሃያ ጊዜ በቤታቸው ውስጥ ይጠሯት ነበር። ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚባለው እንዲያው አይደለም።

ከዚያ ወደዚህ መጣን። በ1984 እና በ1985 በዘመቻ ሙሴ፣ በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን። በዘመቻ ሰሎሞን በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ነው የገባው። መዝጋቢው የሰማውን ጻፈ። ያልሰማውን እንደመሰለው ጻፈ። የአንዱ የአባት ስም፣ የሌላው የአያት ስም የቤተሰብ ስም ተደርጎ ተመዘገበ፤ በዚህ ምክንያት የአንድ እናትና አባት ልጆች ሆነው ሁለት የተለያየ ሽም ሚሽፓሓ የያዙ ወንድማማቾች አሉ። በመርካዝ ክሊታና በትምህርት ቤት ደግሞ ለብዙ ልጆች የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው። አንዳንዷ ትርጉሙ ተጠብቆላት ወርቅነሽ የነበረችው ዘሃቫ ሆነች። ሌላው ግን ከስሙ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ስም ተሰጥቶት፣ ጠዋት በአንድ ስም ከቤት ወጥቶ ማታ በሌላ ስም ተመለሰ። እናቱ ያንን አዲስ ስም ለመጥራት መለማመድ ነበረባት።

ፍትሐዊ ለመሆን አንድ ነገር እንጨምር። ይህ በእኛ ላይ ብቻ የተደረገ አይደለም። ከሞሮኮ፣ ከየመን፣ ከፖላንድ የመጡትም ስማቸው ተለውጧል። ዳቪድ ቤን ጉሪዮን ራሱ ሲወለድ ግሪን የሚባል የቤተሰብ ስም ነበረው። ጎልዳ ሜየርሰን በ1956 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ስትሆን ጎልዳ ሜየር ተባለች። ልዩነቱ ግን ቤን ጉሪዮንና ጎልዳ አዋቂዎች ነበሩ፤ አዲሱን ስማቸውንም ራሳቸው መረጡ። የሰባት ዓመት ልጅን ማንም አልጠየቀውም።

በየዓመቱ ፋሲካ ሲደርስ በትምህርት ቤት የምንማረው አንድ ነገር አለ። ሊቃውንቱ እንደሚሉት እስራኤላውያን ከግብፅ ለመውጣት ከበቁባቸው ምክንያቶች አንዱ ስማቸውን አለመለወጣቸው ነው። ይህንን ትምህርት ስሙ በተለወጠበት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሚሰማ ልጅ ምን ያስብ ይሆን? ታላላቆቻችን ይህንን አልፈውታል። እኛ እዚህ የተወለድነው አልተለወጠብንም፤ ብዙዎቻችን ከመጀመሪያውም የዕብራይስጥ ስም ነው የተሰጠን። ወላጆቻችን ሌላ ሰው ከሚለውጠው ራሳችን እናውጣው ብለው ነው። በዚህ አንወቅሳቸውም። ልጃቸው እንዳይሳቅበት ፈለጉ፤ ይህ ፍቅር ነው።

ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። የብዙ ሰው ስም ለልጃችን ጥላ ይሆነዋል ወይ?

እስቲ ደህና አድርገን እንየው። ሴት ልጃችንን በዝርዝሩ ለዓመታት አንደኛ በነበረው ስም ጠራናት እንበል፤ ኖዓ። የቤተሰብ ስሟ ግን ተሰማ ነው፣ ወይም መኮንን ነው፣ ወይም በላይ ነው። ለሥራ ስታመለክት ወረቀቱ ላይ የሚነበበው "ኖዓ መኮንን" ነው። የመጀመሪያው ስም ምንም ነገር አልሸፈነም። ፎቶዋም አለ። ፊቷም አለ። ማንነቷን ለመደበቅ ብለን የመረጥነው ስም አይደብቃትም፤ ከአያቷ ስም ጋር ግን አለያይቷታል። ይህ ኪሳራ ነው።

በስም ምክንያት መድልዎ የለም እያልን አይደለም። አለ። በ2004 በአሜሪካ የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት ነበር፤ ተመራማሪዎቹ በቦስተንና በቺካጎ ላሉ ቀጣሪዎች 5,000 ያህል የሥራ ማመልከቻ ላኩ። ማመልከቻዎቹ ተመሳሳይ ነበሩ፤ የተለየው ስሙ ነው። የነጮች የሚመስል ስም ያለው የጥቁሮች ከሚመስለው 50 በመቶ ያህል የበለጠ መልስ አገኘ። በእኛም አገር በትውልድ አገርና በዘር ምክንያት በሥራ ላይ ማዳላትን የሚከለክል ሕግ አለ። ሕግ የተጻፈው ችግሩ ስላለ ነው። ነገር ግን እዚህ ላይ ጥፋተኛው ማነው? ስሙ ነው ወይስ ወረቀቱን ወደ ጎን ያደረገው ሰው? ጥፋቱ የሌላ ሰው ሆኖ ሳለ ቅጣቱን በልጃችን ስም ላይ መጣል ልክ አይመስለንም።

በሌላ በኩል ሁሉም ነገር መድልዎ ነው አንበል። አንዳንዱ የቋንቋ ጉዳይ ነው። ዕብራይስጥ ያለ አናባቢ ስለሚጻፍና በ እና ቨ አንድ ፊደል ስለሆኑ "አበበ" ብለን የጻፍነውን አንዱ "አቨቨ" ብሎ ሊያነበው ይችላል። ጠ፣ ጨ፣ ጰ የሚሉት ድምፆች በእነሱ ምላስ የሉም፤ ጥሩነሽ "ቲሩነሽ" ትሆናለች። ፈንታ ደግሞ ማለፊያ ስም ነው፤ "በእሱ ፈንታ" ማለት ነው፤ ክፍል ውስጥ ግን የሚጠጣው ፋንታ ነው የሚሆነው። ጽዮን ለእኛ የሴት ስም ነው፤ እዚህ አብዛኛውን ጊዜ የወንድ ነው። እነዚህን ማሰብ ነውር አይደለም። ልጁ ስሙን ተሸክሞ የሚውልበት ቦታ አያቱ ቤት ብቻ አይደለም። ጋን አለ፣ ትምህርት ቤት አለ፣ ሠራዊት አለ፣ ኩፓት ሖሊም አለ። እንግዲህ "የአማርኛ ስም ብቻ ካልሆነ" ብሎ ድርቅ ማለትም አይጠቅምም።

በብዛት የሚጠራ ስምም ባዶ ስም አይደለም። እንዲያውም ኖዓን እንውሰድ። ኖዓ በኦሪታችን ውስጥ ከሰለጰዓድ አምስት ሴቶች ልጆች አንዷ ናት። አባታቸው ወንድ ልጅ ሳይኖረው ሞተ። እነሱም ሙሴና ሕዝቡ ፊት ቆመው፣ ወንድ ልጅ ስለሌለው የአባታችን ስም ከወገኑ መካከል ለምን ይጠፋል ብለው ርስት ጠየቁ። ተፈረደላቸውም። አያችሁ? በአገሪቱ ለዓመታት አንደኛ የነበረው ስም፣ የአባቷ ስም እንዳይጠፋ የተከራከረች ሴት ስም ነው። ልጁን ኖዓ ብሎ የጠራ አባት ይህንን ቢነግራት፣ ስሟን ሺህ ሰው ቢይዘውም የእሷ ይሆናል። ሳይነግራት ከዝርዝር ላይ ብቻ ወስዶት ከሆነ ግን ስሙ የሁሉም ነው፤ የእሷ አይደለም።

ከዚህ የምናየው የስም ዋጋ በቁጥሩ አለመሆኑን ነው። ቁጥሩም እንደምናስበው አይደለም። በአሜሪካ በ1880 ከተወለዱ መቶ ወንዶች ስምንቱ ያህል ጆን ይባሉ ነበር። አሁን በዚያው አገር አንደኛ የሆነው ስም ከመቶ አንድ ያህል ልጅ ነው የሚይዘው። በእኛም አገር ዛሬ አንደኛ የሚባለው ስም ከመቶ ጥቂት ልጆችን ብቻ ነው የሚነካው። ዝርዝሩም በየጊዜው ይገለባበጣል። ዛሬ አዲስ የመሰለን ስም ልጃችን ሠራዊት ሲገባ ያረጀ ሊሆን ይችላል።

ደግሞም ስም ሰው ያስለምደዋል። አዲሱ መሰለ በ1996 ክኔሴት ሲገባ ከኢትዮጵያ የመጣ የመጀመሪያው የምክር ቤት አባል ነበር፤ በአማርኛ ስሙ ነው የገባው። ይቲሽ አይናው በ2013 የእስራኤል ቆንጆ ተብላ ስትመረጥ አገሩ ሁሉ ስሟን መጥራት ለመደ። ማሩ ተፈሪ በ2023 በቡዳፔስት በዓለም ሻምፒዮና በማራቶን ሁለተኛ ሲወጣ የስፖርት ጋዜጠኞቹ "ማሩ፣ ማሩ" እያሉ ሲጮኹ ማንም አልተቸገረም። ኤደን አለነ በ2021 በዩሮቪዥን አገሪቱን ስትወክል፣ የመጀመሪያ ስሟ በሁለቱም ቋንቋ የሚጠራ፣ የቤተሰብ ስሟ ደግሞ አማርኛ ነው። ስሙ ከባድ ሆኖ አያውቅም፤ ያልተለመደ ነበር እንጂ።

እንግዲህ ሐሳባችንን እንናገር። የስም ብዛት ይታይ፤ ነገር ግን መጨረሻ ላይ ይታይ። ከእሱ በፊት ሦስት ጥያቄ ይቅደም።

አንደኛ፣ ልጁ አድጎ "ለምን እንዲህ አላችሁኝ?" ሲል የምንመልስለት አለን ወይ? "በዚያ ዓመት ሰው ሁሉ ይህንን ነበር የሚያወጣው" የሚለው መልስ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ አያቱም አስተማሪውም ሊጠሩት ይችላሉ ወይ? ይህ ለሁለቱም ወገን ነው። አስተማሪዋ የማትችለው ስም ልጁን ያስቸግረዋል። አያቱ የማይችሉት ስም ደግሞ አያቱን ከልጅ ልጃቸው ይለያቸዋል። ይህንን ሁለተኛውን ብዙ ጊዜ እንረሳዋለን። ኤደን፣ ሩት፣ ራሔል፣ ዳንኤል የሚሉ በሁለቱም አፍ የሚጠሩ ስሞች ሞልተዋል።

ሦስተኛ፣ ከቤተሰብ ስሙ ጋር አብሮ ሲጠራ እንዴት ይሰማል? ድምፁን ብቻ አይደለም የምንለው። የመጀመሪያው ስም የኋለኛውን እንዳያፍርበት ነው።

እነዚህ ሦስቱ ከተመለሱ በኋላ "ስንተኛ ነው?" ብሎ ማየት ይቻላል። አንደኛ ቢሆን አትፍሩ። ዝርዝሩ ላይ ባይኖርም አትፍሩ።

አሁን ሁለት ልመና አለን፤ አንዱ ለእናንተ ለወላጆቻችን፣ አንዱ ለእኛው ለወጣቶቹ።

እናቶቻችን፣ አባቶቻችን፤ የስማችሁን ታሪክ ንገሩን። የእናንተን ብቻ አይደለም፤ የአያቶቻችንን፣ የቅድመ አያቶቻችንን። ማን አወጣው? በምን ምክንያት? ዛሬ በአገሪቱ ያለው ማኅበረሰባችን ከ160,000 በላይ ነው፤ ከእኛ ብዙዎቻችን የተወለድነው እዚህ ነው። ሰባት ትውልድ ቁጠሩ ብንባል ከአያት በላይ የሚደርስ በመካከላችን ጥቂት ነው። ሽማግሌዎች ባረፉ ቁጥር ስሞቹም አብረው ይቀበራሉ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ ግን የሚነግር ሰው ሲኖር ነው። ደግሞ የልጅ ልጃችሁ ስም ሲወጣ አትኩረፉ። የያዛችሁትን ስም ከነምክንያቱ ንገሯቸው። ምክንያቱን የሰማ ልጅ ስሙን በቀላሉ አይጥለውም።

ለእኛ ለወጣቶቹ ደግሞ። በብዙ ቤት ልጁ ሁለት ስም አለው፤ ቤት የሚጠራበት የአማርኛ ስምና ተኡዳት ዜሁት ላይ ያለው የዕብራይስጥ ስም። የቤቱን ስም የሚጠሩት አያት ናቸው። እሳቸው ሲያልፉ ያንን ስም የሚጠራ አይኖርም። ስለዚህ ልጅ ስንወልድ ሁለቱንም እናስመዝግብ። ሕጉ ሁለት ስም መያዝን አይከለክልም፤ ሁለቱም በወላጅ ሴፋሕ ላይ ይጻፋሉ። የራሱን የቤት ስም መጨመር የሚፈልግም ካለ፣ በ1956 የወጣው የስም ሕግ ለአዋቂ ሰው ይፈቅድለታል፤ ሚስራድ ሃፕኒም ሄዶ ማመልከት ነው። ዳግመኛ ለመለወጥ ግን 7 ዓመት መጠበቅ ስላለ አስቦ መሄድ ጥሩ ነው። የተጻፈ ስም አይጠፋም። ያልተጻፈው ግን በአንድ ሰው አፍ ላይ ነው ያለው።

ምናልባት "ለመሆኑ በስም ይህን ያህል ምን አስጨነቃችሁ?" የሚለን ይኖራል። መልሳችን አጭር ነው። ልጅ ሲወለድ ከእኛ የሚቀበለው የመጀመሪያ ነገር ስሙ ነው። ልብሱ ይጠበዋል፣ አሻንጉሊቱ ይሰበራል፣ ስሙ ግን አብሮት ያረጃል። ለዚህ ያህል ስጦታ አንድ ምሽት ቁጭ ብሎ ከአያት ጋር መነጋገር ብዙ አይደለም። ዝርዝሩ የትም አይሄድም፤ ነገም እዚያው ስልካችን ላይ አለ። አያቶቻችን ግን ዛሬ አሉ።

አሁን መድረኩ የእናንተ ነው፤ እስቲ ከእናንተ እንስማ።